ከዋጃ የማይመለሰው አባቴ

አባቴ የሚኖረው ዋጃ ነው። ከቆቦ ዋጃ በሚኒባስ ስትሄዱ ረዳቱ ሒሳብ ሰብስቦ ሳይጨርስ ትደርሳላችሁ። የሰፈራችን ልጆች ጅዳና ሪያድ ናቸው። እናቶቻቸው በስልክ ፊታቸውን እያዩ ያለቅሳሉ፣ ጎረቤትም አብሮ ያዝናል። እኛ ቤት የሚናፈቀው ሰው ግን ያለው ዋጃ ነው። ለሰው ስናገር ይስቃል።

«ዋጃ? ይቺ ዋጃ?»

አዎ፣ ይቺ ዋጃ።

ቆቦ ያለው ቤታችን አስፋልት ዳር ነው። አባቴ የሚሠራበት ወፍጮ ቤት ዕቃ ሲጎድለው ወደ ሮቢት ወይ ወደ ጎብዬ ይልከዋል፤ ያኔ የተሳፈረበት መኪና በደጃችን ያልፋል። ሁልጊዜ የሚቀመጠው በእኛ በኩል ባለው መስኮት ነው። አንዳንዴ አየዋለሁ፤ ዱቄት የለበሰ ቅንድቡንና አንገቱ ላይ የጣላትን ፎጣ። እጁን አያነሳም። እኔም አላነሳም። መኪናው ከዓይኔ እስኪጠፋ ድረስ ግን ቆሜ አየዋለሁ። አላፊ አግዳሚው ምን ሆነሽ ሲለኝ «ምንም» እላለሁ፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር እጣላለሁ።

እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ አባቴ ቤቱ እንዲገባ። በሩን ከፍቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ «ውሃ አምጪ» ብሎ እንዲጮህብኝ። ሌላ ነገር አልጠየቅሁም።

ነገሩ ዕዳ ነው። ከጦርነቱ በፊት አባቴ ከመንግሥት ባንክ ተበድሮ የውሃ ሞተር ገዛ። ማሳችን ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ዞብል ተራራ በሚወስደው በኩል ነው። ክረምት ማሽላ ይዘራበታል፣ በጋ ግን ደረቅ አፈር ነው። ውሃው ከሥር አለ፤ የሚያወጣው ነው የጠፋው። ባንኩ መሬቱን በመያዣነት አልቀበልም አለ፣ መሬት አይሸጥማ። ቤቱን ነው የፈለገው። ቤቱን ደግሞ የሠራው የእናቴ አባት ነው።

እናቴ ያን ጊዜ ሁለት ነገር ተናገረች። «ወለድ ሐራም ነው» አለች። «ይሄ ደግሞ የአባቴ ቤት ነው» አለች። አባቴ ለመናት፣ ሽማግሌ ላከባት፣ የሽንኩርት ዋጋ እየጠራ አሰላላት። በመጨረሻ ሄዳ ፈረመች። ከባንኩ ስትመለስ ለማንም ሳትናገር ግቢውን በሙሉ ጠረገችው፤ ጠዋት የተጠረገውን ግቢ።

የመጀመሪያው ሽንኩርት ጥሩ ነበር። አባቴ ለእኔ ስልክ ገዛ፣ ለእናቴ የሐር ሻሽ። ሻሿን አንድ ዒድ አሰረቻት። ሁለተኛው ሽንኩርት ሊነቀል ሲል ጦርነቱ መጣና በእግራችን ሸሸን። ስንመለስ ሞተሩ የለም፣ ቱቦው ተቆራርጧል፣ ሽንኩርቱ መሬት ውስጥ በስብሶ ማሳው ከሩቅ ይሸታል። እኛ ስንሸሽ ወለዱ አልሸሸም። ቁጭ ብሎ እያደገ ጠበቀን። ወለዱ ላይ ቅጣት፣ ቅጣቱ ላይ ሌላ ወለድ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ሰዎች መጥተው በራችን ላይ የሐራጅ ማስታወቂያ ለጠፉ። እናቴ አልቀደደችውም፣ አላነበበችውም። አባቴ ደጃፉ ላይ ቆሞ ጀርባዋን ሲያይ ቆየና፣

«ወላሂ፣ የወሰድኩትን እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ሳልመልስ ይሄን ደጃፍ አልረግጥም» አለ።

«እንግዲያው ሂድ» አለች።

በቃ። ይሄው ነው። ሌላ አገር ቢሆን ባልና ሚስት ተቆጡ ተብሎ ማታ ይታረቁ ነበር። እዚህ መሐላ ቀልድ አይደለም። ራያ ላይ ከብት ሲጠፋ፣ ድንበር ሲገፋ፣ ነገሩ የሚያልቀው በመሐላ ነው። ምስክር ቆጥሮ የማያምን ሰው «ማልልኝ» ብሎ ያምናል። የማለ ሰው ቃሉን ቢበላ ልጁን የሚያገባለት አያገኝም ይባላል፤ እኔ እንኳ ስለ ማግባቱ ግድ የለኝም። አባቴ ግን እንዲህ ያለ አገር ላይ ያደገ ሰው ነው። አንድ ጋቢና አንድ ሽርጥ ይዞ ዋጃ ሄደ፤ የሚያውቀው ሰው ወፍጮ ቤት ገባ። ቆቦ ከታየሁ ባንኩ ያስይዘኛል ብሎም ይፈራ ነበር። በብድር ሰው አይታሰርም ብለው የተማሩ ሰዎች ቢነግሩትም አላመነም። ከመኪና ሳይወርድ በመስኮት ማየት የለመደው ለዚህ ነው።

ሐራጁ ላይ አንድም ሰው አልመጣም። የቆቦ ሰው የጎረቤቱን ቤት በሐራጅ አይገዛም፤ ቢገዛ ቡና የሚጠራው የለም። ባንኩ ሌላ ቀን ቆረጠ፣ እንደገና ሰው ጠፋ። ቤቱ እንዲሁ ተንጠልጥሎ ቀረ፣ እኛም ከሥሩ።

እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ነጥብ ስላልመጣልኝ መናኸሪያው አጠገብ ቁርስ ቤት ገባሁ። ፉል አቀርባለሁ፣ ከሾፌር ጋር እጨቃጨቃለሁ። ቴሌቪዥኑ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው፣ የሚያየው ግን የለም። አንድ ቀን ሻይ እያቀረብኩ «በጦርነቱ ጉዳት የደረሰባቸው የመንግሥት ባንክ ተበዳሪዎች» የሚል ሰማሁ። ትሪውን ይዤ ቆምኩ። ምክር ቤቱ አዋጅ አጽድቋል ይላል። ሾፌሮቹ ስለ ነዳጅ ወረፋ ይጮሃሉ።

«ዝም በሉ!» አልኳቸው።

«ምነው፣ ፓርላማ ገባሽ እንዴ?» አለ አንዱ። «ሻዬን አስቀምጪና ግቢ።»

«ቆይ አልኩህ! ዕዳ ነው የሚያወራው።»

ዕዳ የሚለውን ሲሰሙ ሁሉም ዝም አሉ። ለካ ሁሉም አለበት። ወለድ፣ ቅጣት፣ ማራዘሚያ የሚሉ ቃላት አለፉ፤ ከዚያ ስለ ዝናብ ትንበያ ሆነ። ሻዩን ሰጥቼው ሽርጤን አወለቅኩና ለባለቤቷ «እናቴን አሟታል» ብዬ ወጣሁ። ዋሸሁ። ያገኘሁት የመጀመሪያ ሚኒባስ ላይ ዘልዬ ዋጃ ወረድኩ።

ወፍጮ ቤት ውስጥ ሰው የሚነጋገረው በጩኸት ነው። አባቴ የጆንያ አፍ እየሰፋ ነበር።

«አባ! አዋጅ ወጥቷል!»

«ምን?»

«አዋጅ! ዕዳው!»

«የምን ዘመቻ አዋጅ?» ብሎ ደነገጠ። ጦርነት መሰለው። ሞተሩን አስጠፍቼ ነገርኩት። ሰማኝና የጆንያውን አፍ መስፋት ቀጠለ።

«መንግሥት በነፃ የሚሰጠው ነገር የለም» አለ።

«በነፃ አልተባለም። ወለዱን ነው የሚያነሳው።»

«ተነስቶ የት ይሄዳል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ የት እንደሚሄድ! ይነሳ እንጂ ገደል ይግባ!»

ሳቀ። ሲስቅ ዱቄቱ ከቅንድቡ ላይ ረገፈ። እንዲህ ሲስቅ ካየሁት ስለቆየ ዓይኔን ወደ ሚዛኑ አዞርኩ።

ባንኩ ባልና ሚስት አብረው ይምጡ አለ። ስትበደሩም የፈረማችሁት ሁለታችሁ ናችሁ፣ ውሉ ሲሻሻልም ሁለታችሁ ናችሁ አለ። እናቴን «አብረሽው ትቀመጫለሽ» ስላት «እኔ ለአባቴ ቤት ነው የምሄደው» አለች። የሐር ሻሿን ግን አሰረች። አየኋት፣ እንዳላየ ሆንኩ።

የባንኩ አግዳሚ ወንበር ላይ አባቴ ከዚህ ጫፍ፣ እናቴ ከዚያ ጫፍ፣ እኔ መሐል ተቀመጥን። ሰላምታቸው «እንዴት ናችሁ» እና «አልሐምዱሊላህ» ብቻ ነበር። እሱ እሷን ብቻዋን እንደ ብዙ ሰው ጠየቃት። ከዚያ ተጠራን። የብድር ክፍሉ ልጅ በዚያ ሙቀት ክራቫት አስሯል።

«በአዋጁ ድንጋጌ መሠረት፣ የብድር ማሻሻያው ተጠቃሚ የሚሆኑት…» ብሎ ጀመረ።

«ልጄ፣ በአማርኛ ንገረን» አለች እናቴ።

«በአማርኛ ነው'ኮ የምናገረው እማማ።»

«እንደዚያ ከሆነ የኛው ሌላ ነው።»

ልጁ ሳቀና ክራቫቱን ላላ አደረገ። በሰው ቋንቋ ሲነግረን ነገሩ አጭር ነበር። ወለዱ ተነሥቷል። ቅጣቱ ተነሥቷል። ቤቱ ሐራጅ አይወጣም። የቀረው ዋናው ብድር ነው፤ እሱም በየዓመቱ፣ አዝመራ ከገባ በኋላ፣ በትንሽ በትንሹ ይከፈላል።

«ወለዱ ሙሉ በሙሉ?» አለች እናቴ።

«ሙሉ በሙሉ።»

«ሸሆች ናቸው እንዴ ፓርላማውን ቁርአን ያስቀሩት?» አለችና ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አባቴ ዞረች። «እኔ ያልኩት ይሄንን አልነበር?»

«ነበር» አለ አባቴ። አንገቱን ሲደፋ እሷ ዓይኗን ከሱ ላይ ለማንሳት ዘገየች።

ደስታዬ እዚያ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። እኔ ግን መጠየቅ አልተውም። «ስንት ዓመት ነው የሚከፈለው?» አልኩ። ልጁ የዓመቱን ብዛት የነገረን እንደ ስጦታ ነው፣ ፈገግ ብሎ። ብዙ ዓመት። ዕዳው ሲያልቅ እኔ ልጅ ትምህርት ቤት የማደርስ ሴትዮ እሆናለሁ። አባቴን አየሁት። እሱም ያሰበው ያንኑ ነበር፣ ፊቱ ላይ ነው ያየሁት። «እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም» ነው ያለው። የመጨረሻዋ ሳንቲም ደግሞ በአዋጅ ወዲያ ማዶ ሄዳ ተቀመጠች። መንግሥት ጊዜ ሰጠን። እኛን የቸገረን ጊዜው ነበር።

ሁለቱም ፈረሙ። ውጭ ወጣን። አባቴ በፌስታል የያዘውን የገንፎ ዱቄት ለእናቴ ሰጣት፣ ተቀበለችው።

«እንግዲህ በሰላም ግቡ» አለ።

«አንተስ?» አልኩት።

«እኔማ መኪና አለኝ።»

«የምን መኪና? ቤትህ ያው'ኮ! ከዚህ ይታያል!»

«አትጩኺ፣ ሰው ያያል።»

«ይይ! ባንኩ ምሮህ አንተ ራስህን አልምር አልክ?»

«ባንኩ ቀጠሮ ሰጠኝ እንጂ አልማረኝም» አለ። «ያልኩትን ታውቂያለሽ።»

እናቴን አየኋት። አንዲት ቃል ነበረች የሚጠበቅባት። ፌስታሉን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወረችና «ፀሐዩ ሳይበረታ እንሂድ» አለች። ፀሐዩ እኮ ከበረታ ቆይቷል፤ አስፋልቱ ይፍለቀለቃል።

በዚያው ሳምንት የሰፈራችን ሸህ ዘንድ ሄድኩ። ሽማግሌ ናቸው፣ ጆሯቸው ከበድ ይላል፣ ስለዚህ ለሌላ ሰው የማይነገር ነገር ሁሉ በጩኸት ነው የሚነገራቸው።

«ሸሁ፣ የማለ ሰው መሐላውን መተው ቢፈልግ ምን ያደርጋል?»

«ከፋራ አለው እንጂ ልጄ! ሚስኪን ያበላል፣ ካጣ ይጾማል፣ አላህ አዛኝ ነው። አባትሽ ነው?»

«አንቱ እንዴት አወቁ?»

«መላው ቆቦ ያውቃል። አብሽሪ፣ ንገሪው፣ በኔ ስም ንገሪው።»

በደስታ ዋጃ ሄድኩ። አባቴ ሰምቶኝ ሲያበቃ ፎጣውን አራገፈ።

«ከፋራ መኖሩን አውቃለሁ። ቁርአን ቤት የገባሁት ካንቺ በፊት ነው።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

«እናትሽ ይግባ ብላለች?»

«አላለችም።»

«አየሽ» አለ፣ ወደ ወፍጮው ተመለሰ።

ቤት ሄጄ እናቴን «ይግባ በይ» አልኳት። «በሩ መች ተቆለፈበት?» አለች። የት ልሂድ? አንዱ ካልተጠራሁ ይላል፣ አንዷ ክፍት ነው ትላለች፤ መሐል የምመላለሰው እኔ ነኝ፣ የትራንስፖርቱንም የምከፍለው እኔው።

ማሳችንን በእኩል የሚያርስልን ጎረቤት አለ። ማረስና መዝራት የሱ ነው፣ ወፍ መጠበቅ የኛ። ማሽላ እሸት ሲሆን ግሪሳ ይመጣል፤ ደመና ነው የሚመስለው፣ አንዴ ካረፈ አገዳው ብቻ ይቀራል። ባለፉት ዓመታት ማማው ላይ የምወጣው እኔ ነበርኩ። ማማ ማለት ከአራት እንጨት የተሠራ ከፍ ያለ ቆጥ ነው፤ እዚያ ላይ ቆመህ ጅራፍ ታጮሃለህ፣ በወንጭፍ ጭቃ ትወረውራለህ፣ ጉሮሮህ እስኪዘጋ ትጮሃለህ። መጮህስ እችላለሁ፣ ጅራፉ ነው የማይጮህልኝ። ዘንድሮ አንድ ነገር መጣልኝ። አባቴ የማለው ደጃፉን አልረግጥም ብሎ ነው። ማሳው ላይ አልማለም። ባንኩም ከእንግዲህ አያስፈራውም፣ ወረቀቱን ፈርሟል። ደወልኩለት።

«ወፍ ጨረሰን» አልኩት።

«ጅራፉን በደንብ አጩኺው።»

«አይጮህልኝም። ናና አጩኸው።»

ከኋላው ወፍጮው ይሰማል። በማግስቱ ማሳው ላይ ስደርስ ማማው ላይ ቆሟል፣ ሽርጡን አሸርጦ። ጅራፉ አንዴ ሲጮህ ከማዶ ያሉ ጠባቂዎች ሁሉ ዞረው አዩ። አንዱ «ኧረ ባለቤቱ መጣ!» ብሎ ጮኸ። እኔ አገዳው ውስጥ ገብቼ ጥቂት ጊዜ ብቻዬን ቆየሁ።

ለእናቴ አልነገርኳትም። ለነገሩ መንገር አላስፈለገም፤ የዚያ ጅራፍ ድምፅ ከተማ ድረስ ይሰማል። በማግስቱ ጠዋት ምሳ ዕቃ አስያዘችኝ።

«ለማን ነው?»

«ለወፍ ጠባቂው።»

የመጀመሪያ ቀን ቂጣ ነበር። ቀጥሎ እንጀራ በሽሮ። ከዚያ እሱ ያመጣው ዱቄት ገንፎ ሆኖ፣ መሐሉ ላይ ቅቤ ተቀምጦበት መጣ። አባቴ በልቶ ሲጨርስ ምሳ ዕቃውን በአሸዋ አሽቶ፣ አጥቦ፣ በፎጣው አድርቆ ይመልሳል። እናቴም ዕቃው ታጥቦ ሲመጣላት ገልበጥ አድርጋ አይታው ታስቀምጣለች።

አንድ ቀን ዕቃውን ረስቼው ማማው ሥር ቀረ። በማግስቱ ማለዳ ማሳው ዳር የሐር ሻሽ አየሁ።

«የምሳ ዕቃዬን ልወስድ ነው የመጣሁት» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

አንስታ መሄድ ትችል ነበር። ግን የማማው ጥላ ሥር ተቀመጠች። አባቴ ከላይ ነው፣ ወደ ታች አያይም። ወፎቹ መጡ።

«በቀኝህ ወረደ'ኮ! አይታይህም?» አለች።

«አየሁት።»

«ካየኸው ምን ትጠብቃለህ?»

ጅራፉ ጮኸ።

«ድሮም ዓይንህ ወደ ግራ ብቻ ነው።»

«ድሮም ምላስሽ ወደ እኔ ብቻ ነው።»

ሳቄን መያዝ አልቻልኩም። አባቴ እሸት ቀጥፎ ከላይ ጣለልን፣ እሳት አያይዤ ጠበስኩ። እናቴ በእጇ እያሸች፣ ገለባውን እፍ እያለች ፈለፈለች፤ ከፍላ ለሱ አስቀመጠች። ወርዶ ራቅ ብሎ ተቀመጠ።

«ጣሪያው ላይ ቆርቆሮ ተነሥቷል» አለ።

«ማን ነገረህ?»

«መኪና ላይ ሆኜ አየሁት።»

እናቴ የተፈለፈለውን እሸት በእጇ እንደያዘች ቆየች።

«እኔም አያለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«መኪናውን።»

ወፎቹ ወርደው ሲበሉ ማንም አላባረራቸውም። እኔ ነኝ ተነሥቼ የጮህኩት።

ያን ቀን ሲመሽ አብረን አስፋልቱ ድረስ ሄድን። እሱ ወደ ዋጃ መኪና ያዘ፣ እኛ ወደ ቤት ዞርን። ከዚያ ወዲያ እናቴ በየቀኑ ትመጣለች፤ በየቀኑ ምክንያት ይዛ፤ ጥንቅሽ ልበላ፣ ለጥጃዋ ሣር ላጭድ። በየቀኑም አስፋልቱ ላይ እንለያያለን። ማሽላው እየጠነከረ መጣ። ፍሬው ሲጠነክር ወፍ ይተወዋል፣ ማማውም ይፈርሳል። በዕድሜዬ ማሽላ እንዳይደርስ የተመኘሁት ዘንድሮ ነው። የቆቦ ልጅ ሆኜ እንዲህ መመኘቴን ለማን እናገራለሁ?

አጨዳው ሊጀመር ሲል ማማው ፈረሰ፣ አባቴም ወደ ወፍጮው ተመለሰ። በማግስቱ ጠዋት እናቴ ምሳ ዕቃውን እየሞላች፣ ቀና ሳትል፣

«ማሽላው ከተነሣ ማሳው እንዲሁ ባዶውን ይቀመጣል?» አለች።

«እንደ ሁልጊዜው ከብት ይሰማራበታል።»

«ሽንኩርት ብንተክልበትስ?»

እጄ ላይ ያለውን ነገር አስቀመጥኩ። ያ ሽንኩርት ማሳ ላይ ከበሰበሰ ወዲህ እናቴ ገበያ ላይ እንኳ ሽንኩርት የምትገዛው ፊቷን አዙራ ነው።

«በምን ውሃ?»

«ሞተር በኪራይ አለ ይላሉ። ኪራይ ወለድ የለውም።»

«ሽንኩርት'ኮ በጋውን ሙሉ ሰው ይፈልጋል እማ። ጠዋትም ማታም ውሃ የሚያዞር፣ ከዋጃ የማይመላለስ ሰው።»

«አውቃለሁ» አለች። የምሳ ዕቃውን ክዳን ገጠመችና ሰጠችኝ። ከባድ ነበር፣ ከሌላው ቀን ይከብዳል። «ሰው እንደሚፈልግ አውቃለሁ። ሂጂና ንገሪው።»

«ለወፍ ጠባቂው?»

«ለአባትሽ።»

ወደ መናኸሪያው ሮጥኩ። ሚኒባሱ ሞልቶ ሊነሣ ነው፤ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ዋጃ! ዋጃ! አንድ ሰው!» ይላል። ምሳ ዕቃውን ደረቴ ላይ አቅፌ ገባሁ።